ናስር እዚህ ይተነፍሳል

ባሻ ወልደ ጊዮርጊስ ሱቄ ገብተው፣ ወንበር ስበው ተቀመጡና በእጃቸው የያዙትን የገበያ ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ይኼን አጫውትልኝ» አሉኝ።

ፌስታሉን ከፈትኩት። ካሴት የለም። ፍላሽ የለም። በእርሳስ የተጻፈ የሙዚቃ ኖታ ነው፤ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኗል፣ ብዛቱ መቶ ገጽ ይጠጋል።

«ባሻ፣ ይኼ እኮ ወረቀት ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ሱቄ ሐረር፣ ሸዋ በርን ገባ እንዳሉ በስተቀኝ ነው። ሰሌዳው ላይ «ሥራዬ የድምፅ ሥራ» ይላል፤ ሥራዬ ስሜ ነው፣ ሰው ግን እያጋነንኩ ይመስለዋል። ጠዋት መዝሙር እቀርጻለሁ፣ ከሰዓት የሙስሊሞቹን ዚክሪ፣ በሁለቱ መካከል የሠርግ ዘፈን። እስከ ዛሬ ከሦስቱ አንዱም በሌላው አማርሮ አያውቅም፤ ሁሉም የሚያማርሩት በእኔ ነው። ሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገባሁም። የማውቀውን ያወቅኩት የሰው ካሴት በማበላሸት ነው።

የባሻ ጉዳይ እንዲህ ነው። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ የክፍለ ጦር ማርሽ ባንድ አቀናባሪ ነበሩ። በ1976 ለባለቤታቸው ለእትዬ በለጡ አንድ ሙዚቃ ጻፉ፤ ግጥም የለውም፣ ሠላሳ አንድ ሰው የሚነፋው ነው። በተጋቡ በአሥረኛው ዓመት በባንዱ ሊያስመቱላቸው ቀጠሮ ይዘው ሳለ ባንዱ ወደ ሰሜን ተላከ። ሲመለስ ጎድሎ ተመለሰ። ዛሬ ነገ ሲባል ዓመታት አለፉና በመጨረሻ ባንዱ ራሱ ተበተነ።

እትዬ በለጡ ስለዚህ ሙዚቃ ሲወራ አርባ አንድ ዓመት ሰምተዋል። ሙዚቃውን ግን አልሰሙም። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው፤ አሠራሩ ካልታየ ለመልሱ ማርክ አይሰጡም። ቤቱ ሲያፈስ ባሻ «ቅዳሜ አስጠግነዋለሁ» ካሉ «እንደ ሙዚቃህ?» ይሏቸዋል። ልጃቸው «በቅርቡ አገባለሁ» ባለ ጊዜም «እንደ አባትህ ሙዚቃ እንዳይሆን» ነበር ያሉት። ልጁ በወሩ አገባ።

አሁን ጥር አሥራ ዘጠኝ ቀን ከተጋቡ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ቤተ ዘመዱና ጎረቤቱ ሐኪም ጋራ የሚባለው ኮረብታ ላይ ባለው ቤታቸው ይሰበሰባል። ባሻ ሙዚቃው ያን ዕለት እንዲሰማ ይፈልጋሉ። ይህን ሲነግሩኝ ወሩ ኅዳር ነበር፤ ሠላሳ አንድ ነፊ ደግሞ ሐረር ውስጥ ከየት ይምጣ።

«ልደት ኮምፒውተር ይጫወተዋል ብላኛለች» አሉ።

ልደት የልጅ ልጃቸው ናት። ባንክ ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ በኋላ ግን ኮምፒውተር ላይ ሙዚቃ ስትቀጣጥል ነው የምታመሸው። በማግስቱ ላፕቶፗን ይዛ መጣች።

ሳምፕል ላይብረሪ የሚባል ነገር አለ። አውሮፓ ውስጥ አዳራሽ ይከራዩና ተጫዋቾችን አስቀምጠው የእያንዳንዱን መሣሪያ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ያስነፏቸዋል፤ ቀስ አድርገው፣ ጮክ አድርገው፣ አጭር፣ ረዥም። ያን ሁሉ ቀርጸው ይሸጡታል። እኛ ሐረር ቁጭ ብለን አንድ ቁልፍ ስንጫን ያ ሰውዬ ከስንት ዓመት በፊት የነፋው ድምፅ ይወጣል። ሰውዬው ምሳውን በልቶ ቤቱ ከገባ ቆይቷል።

ችግሩ ዓይነቱ ብዙ መሆኑ ነው። ልደት በነፃ ለአንድ ወር የሚሞከሩ ሦስት መረጠች። እነሱን ለማውረድ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ መብራት በሄደ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው። ባሻ በየቀኑ ብቅ እያሉ «የት ደረሱ?» ይሉኛል፣ በእግሩ እየመጣ እንዳለ ዘመድ።

የላይብረሪዎቹ ስም በእንግሊዝኛ ረዥም ስለነበር ባሻ ሌላ ስም አወጡላቸው።

የመጀመሪያውን ልደት በአንድ ጣቷ ነካችው። ስልሳ ሰው ከታች ተነስቶ ሽቅብ ሮጠ፣ ከበሮው አስገመገመ፣ ጥሩምባው ጮኸ፣ ጫፍ ላይ ወጥተው አንድ ላይ ቆሙ። ጣቷን አነሳች።

«ይኼን ማን ጻፈው?» አሉ ባሻ።

«ውስጡ ያለ ነው፣ አባባ። እርስዎ ቁልፉን ብቻ ነው የሚመርጡት።»

ባሻ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኼስ ጄኔራል ነው» አሉ። «ትእዛዙን ሳትጨርስለት ተራራው ላይ ይወጣል።»

በጄኔራሉ ሙዚቃውን በአንድ ከሰዓት ጨረስነው። ልደት የባሻን ኖታ እያየች የሚመስለውን እየፈለገች ደረደረችው። መካከሉ ላይ ብቻ ተቸገርን። እዚያ ጋ ባሻ ረዥም ነገር ጽፈዋል፤ ክላርኔት ብቻውን ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ቱባ የሚባለው ትልቁ የነሐስ መሣሪያ ከሥሩ ዝቅ ያለ ድምፅ ይዞ ይቆያል፣ ሌላ ምንም አይሆንም። ጄኔራሉ ጋ ደግሞ ምንም የማይሆንበት ቦታ የለም። ብንፈልግ ብንፈልግ ያለው ሁሉ ሽቅብ ነው። ልደት ከበሮ ሞላችበትና አለፍነው።

መስማቱን ግን ያምራል። ከሱቁ ፊት አንድ ባጃጅ ቆሞ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ አዳመጠ። ሐረር ውስጥ ይህ እንደ ሽልማት ይቆጠራል።

እንሞክረው ተባለና ስፒከሬን ተሸክሜ አብሬያቸው ሐኪም ጋራ ወጣሁ። እትዬ በለጡ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። አጫወትነው። ምስሩን መልቀም ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «እንዲህ ያለ በቴሌቪዥንም ይመጣል፤ ዜና ሊጀምር ሲል።» ሰፌዳቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ።

ባሻ እስከ አስፋልቱ ሊሸኙኝ ወጡ። ግማሽ መንገድ ደርሰን ነበር።

«ጥሩ ነው አለች» አሉ።

«ሰምቻለሁ ባሻ። ደስ አላላቸውም እንዴ?»

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ እኔ የሠራሁትን ነገር ጥሩ ነው ብላ አልፋው አታውቅም። አጥሩን ሳጥር ሦስት ቀን ነው የተከራከረችኝ። አልጋውን ባዞርኩት ጊዜ አንድ ሳምንት።» ቆም አሉ። «ወዲያው ነው የገባት። የእኔ አይደለም።»

«የሌላ ነው ማለት...»

«የጄኔራሉ ነው። እኔ የጻፍኩትን ሰምታ አስቀያሚ ነው ትበል፣ ይገባኛል። ያልጻፍኩትን ሰምታ ግን ጥሩ ነው ብትለኝ እኔ ምን ሠራሁ?»

ጄኔራሉ በዚህ ተሰናበተ።

ሁለተኛው የተቀረጸው ሰፊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ስሙ ካቴድራሉ ሆነ። ድምፁን ሲለቁት በአዳራሹ ዞሮ ዞሮ፣ አድሮ ነው የሚመለስ። ማሚቶው ከድምፁ ጋር አብሮ ስለተቀረጸ ይጥፋ ቢሉት አይጠፋም። ባሻ ከመጨረሻው ድምፅ በፊት ሁለት ምት ባዶ ትተዋል፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ዝም የሚልበት። ካቴድራሉ ዝምታውን በራሱ ጭጋግ ሞላው። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት።

«ዝም በል ሲሉት የማይሰማ» አሉ ባሻ። «ይህ ለጸሎት ይሁን። ቀጥል።»

ሦስተኛው የሚያሳፍር ነበር። ትንሽ ደረቅ ክፍል ውስጥ የተቀረጸ፣ ማሚቶ የሌለው፣ ጌጥ የሌለው፣ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት አንድ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ። ጩህ ካላሉት አይጮህም። ቀንስ ካላሉት አይቀንስም። ልደት ራሷ «አባባ፣ ይኼንን ሰዎች አይወዱትም፣ ሥራ ይበዛበታል» አለች።

ባሻ ወንበራቸውን አስጠጉ። «ምልምል ነው» አሉ። «እስቲ ቱባውን አምጪው።»

እዚህ ላይ ስለ ኖታው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ገጾቹ ራስ ላይ የመሣሪያ ስም የለም። ያለው የሰው ስም ነው። ክላርኔቱ «ኡራኤል» ይላል፣ ቱባው «ናስር» ይላል፤ ሠላሳ አንዱም እንዲሁ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «መሣሪያ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ሙዚቃ የሚጻፈው ለሰው ነው» ብለውኛል። በናስር ገጽ ላይ ደግሞ በየሦስት መስመሩ አንዲት ትንሽ ጭረት አለች፣ ከሥሯም በደቃቅ ጽሕፈት «ናስር እዚህ ይተነፍሳል» ይላል። ገጹን ስገልጥ ደጋግማ መጣች። ናስር ብዙ ይተነፍሳል።

እንግዲህ ባሻ የቱባውን ቁልፍ ተጭነው ያዙ። ድምፁ ወጣ። ያዙት። ሰዓታቸውን አዩ። አንድ ደቂቃ ሆነ፣ ሁለት ሆነ፣ ጣታቸው አልተነሳም፣ ቱባውም አልቆመም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው በሩ ላይ መጥቶ «ምን ተበላሸ?» ብሎ ጠየቀ። በአራተኛው ደቂቃ ባሻ ለቀቁት።

«ይህ ሰው አይተነፍስም» አሉ፤ ያዘኑለት ይመስላሉ።

«አይደለም አባባ፣ አዙሮ አዙሮ ነው የሚያጫውተው። እርስዎ በፈለጉበት ይቁረጡት። እዚህ ጋ፣ ወይ እዚህ።» ልደት በማውስ አሳየቻቸው። «አጀማመሩንም፣ ጉልበቱንም፣ አጨራረሱንም እርስዎ ነዎት የሚወስኑት። ካልወሰኑ ምንም አያደርግም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ባሻ ፈገግ ሲሉ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። «እንዲህ ያለ ወታደር አንድ ቀን እንኳ ሰጥተውኝ አያውቁም» አሉ።

ሥራው የታኅሣሥን ግማሽ በላው። ባሻ ከቁርስ በኋላ ይመጣሉ፣ ኖታውን ጮክ ብለው ያነቡልኛል፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እጽፋለሁ፤ ልደት ከባንክ ስትወጣ የጻፍኩትን ታርማለች። ባሻ የሚነግሩኝ ነገር ግማሹ ስለ ሙዚቃ አይደለም። «ይኼን ለስለስ አድርገው፤ ልጁ ጥርሱን ያወለቀው በዚያ ሳምንት ነው።» «ይኼን አታጉላው፤ ሰውዬው ሲያጎሉት ይኩራራል።» ምልምሉ ሁሉንም ይቀበላል።

አንድ ማለዳ ባሻ ቅዳሴ ሄደው ዘገዩ። የኡራኤልን ክላርኔት ብቻዬን እየጻፍኩ ሳለሁ በየመግቢያው ከምቱ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቶ መጻፉን አየሁ። አንድ ቦታ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ በሁሉም ነው። የቆየ እርሳስ ነው፣ ያኔ ደክሟቸው ይሆናል ብዬ ሁሉንም ወደ ምቱ ጎተትኩት። ሦስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ባሻ ሲመጡ አጫወትኩላቸው፤ ምስጋና እየጠበቅኩ ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

እስከ መካከሉ ሰሙና እጃቸውን አነሱ።

«ኡራኤልን ማን አስተካከለው?»

ኡራኤል ከሞተ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖታል።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ስንት አዛዥ ሞክሮት አልቻለም። በል መልሰው።»

«ዘግይቶ ይግባ?»

«ኡራኤል የሚገባው ሁሉም ከገባ በኋላ ነው። ለሰልፍም፣ ለምሳም። እኔ ተቆጣሁ፣ ቀጣሁ፣ አልሆነም። ከዚያ መዘግየቱን ራሱን ጻፍኩለት። ከዚያ በኋላ በሰዓቱ ነው የሚዘገይ።»

መለስኩት። ደግሜ ስሰማው እውነት ለመናገር ክላርኔቱ ሰው ሆነ፤ በር ላይ ቆሞ ልግባ አልግባ የሚል ሰው።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሙሉውን ከዳር እስከ ዳር ሰማነው። አሥራ አንድ ደቂቃ። ሲያልቅ ልደት አጨበጨበች። ባሻ አላጨበጨቡም። ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ዙሪያውን ሲዳስሱ ቆዩና፣

«ጄኔራሉን እንመልሰው» አሉ።

እኔና ልደት ተያየን።

«አባባ፣ የእርስዎ አይደለም ብለው አይደል የተዉት?»

«እኮ። ይኼ ደግሞ የእኔ ነው። ሌላ የሚጠየቅ ሰው የለበትም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አርባ አንድ ዓመት ባንዱ ተበተነ እያልኩ ኖርኩ። ባንዱ ቢኖር ደግሞ ናስር ቆረጠው፣ ኡራኤል ዘገየ እል ነበር። አሁን ይኼ ምልምል ያልኩትን ሁሉ አደረገ። ካላማረ ያላማረው ማን ነው?»

 እኔ ያበላሸሁትን ካሴት ሁሉ በመብራት ኃይል ነው የማላክከው።

«በተለይ ያ መካከሉ» አሉ። «ቱባው በየሦስት መስመሩ ይቆረጣል። ያን ያደረግኩት ናስር ሳንባው ደካማ ስለነበር ነው። እሱ ባይቆርጠው ኖሮ ምን ዓይነት ነገር እጽፍ እንደነበር አላውቅም።»

«ናስር አለ አይደል?» አልኩ። «ለምን አንጠይቀውም?»

ናስር አለ። ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ይሸጣል፤ የእርድና የበርበሬ ከረጢት ከቦት፣ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ፣ ቱባ ተሸክሞ እንደኖረ ሰው ትከሻው ወደ አንድ ወገን ጋደል ብሎ ተቀምጧል። ባሻን ሲያይ ሊነሳ ሞከረና ተወው።

«ወልዴ፣ በርበሬ ፈልገህ ነው ወይስ ልትቀጣኝ?»

«ልጠይቅህ ነው። መጀመሪያ ስማ።»

ስልኬን አውጥቼ ማዳመጫውን ሰጠሁት። አንዱን ጆሮው ላይ ሰካ፣ ሌላውን ለገበያተኛ ተወው። ሙዚቃው እየሄደ ለአንዲት ሴትዮ ሩብ ኪሎ ዝንጅብል መዘነላት፣ መልስ ሰጣት፣ አላህ ይስጥልኝ አላት። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ መካከሉን ሰማ።

«ቱባው ማነው?» አለ።

«አንተ ነህ» አሉ ባሻ።

«ማሻአላህ። ጥርሴ ተመልሷል ማለት ነው።»

«ናስር፣ ቀልዱን ተው። እውነቱን ንገረኝ፤ በሦስተኛው መስመር ላይ ትንፋሽህ ያልቅ ነበር?»

«የኔ ትንፋሽ?» ናስር ማዳመጫውን ነቀለ። «ወላሂ ስድስት እይዛለሁ። ተርቤ ካልሆነ ስምንትም።»

«ታዲያ ለምን ትቆርጠው ነበር?»

«ጽፈህብኝ ነዋ። ናስር እዚህ ይተነፍሳል ይላል። ታዘዝኩ።»

«የጻፍኩት እኮ ስለተነፈስክ ነው። በ1968፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ለመስከረም ሁለት ሰልፍ ስንለማመድ በየሦስቱ ቆረጥከው። ሳንባው ደካማ ነው፣ ሰው ፊት አላዋርደው ብዬ ዝም ብዬ ጻፍኩልህ።»

ናስር ከረጢቱ ላይ እጁን አሳርፎ አሰበ። በጣቱ ቆጠረ።

«ያኔ ረመዳን ነበር» አለ። «ጾመኛ ነበርኩ። ውሃ ሳልቀምስ ያን ብረት ተሸክሜ። ከዒድ በኋላ ያጠፋዋል ብዬ ጠበቅኩ። አላጠፋኸውም። በሌላው ማርሽም ጻፍከው፣ በሌላውም። እንግዲህ አቀናባሪው የሚወደው እንዲህ ነው ብዬ ተነፈስኩልህ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክንበተን። አሥራ አምስት ዓመት።»

 ገበያተኛ መጥቶ የእርድ ዋጋ ጠየቀ፣ የሚመልስለት አጥቶ ሄደ።

«አንድ ቀን እንኳ አትነግረኝም?» አሉ ባሻ።

«አንተስ አንድ ቀን እንኳ አትጠይቀኝም?» ናስር ማዳመጫውን መለሰልኝ። «በል አሁን አጥፋው። ማሽኑ አይጾም።»

 ባሻ በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ምት እየመቱ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ መካከሉን በውስጣቸው ሲሄዱበት አየሁ። አንድ ጊዜ በትንፋሹ ሄዱ። አንድ ጊዜ ያለ ትንፋሹ።

«አላጠፋውም» አሉ። «እዚያ ስትቆርጠው ነው ኡራኤል የሚገባው። ካልቆረጥከው መግቢያ የለውም።»

«ሳንባዬ ደህና ነው እያልኩህ?»

«ሳንባህ ምን አገባኝ። ሙዚቃው ነው የሚተነፍሰው።»

ናስር ሳቀና ሩብ ኪሎ በርበሬ በነፃ ቋጠረላቸው። «ምንም ሊሰጡህ አይገባም» ብሎ ነው የቋጠረላቸው፤ ቃል በቃል እንዲህ አለ።

ከጊደር መጋላ ሽቅብ ስንመለስ ባሻ በመሃል መንገድ ቆሙ። «ለካ ያማረውም ያላማረውም የእኔው ነበር» አሉ። «ባንዱ እያለም የእኔው ነበር። እኔ ነኝ ለሰው ሳካፍለው የኖርኩት።» ከዚያ ትንሽ ሄዱና «ምልምሉ ይቀጥል» አሉ። የሙከራው ወር ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ልደት ምልምሉን ገዛችው።

ጥር አሥራ ዘጠኝ ከሰዓት በኋላ የሐኪም ጋራው ግቢ ሞላ። ናስር ከጎኔ፣ ስፒከሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ቱባው ሲመጣ ቀድሞ ለመስማት እንደሆነ ነገረኝ። እትዬ በለጡ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ተቀመጡ፤ ምስርም ሰፌድም የለም። ባሻ መቀመጥ አልቻሉም። በሩ ላይ ቆመው የጓሮውን አጥር ያያሉ።

አጫወትኩት።

መጀመሪያው ላይ ሕፃናቱ ሰልፍ ሠርተው ዞሩ። ከዚያ መካከሉ መጣ፤ ክላርኔቱ ዘግይቶ ገባ፣ ቱባው ያዘ፣ ተነፈሰ፣ ያዘ። ሰው መቁነጥነጥ ጀመረ። አንድ ጎረቤት ያለቀ መስሎት አጨበጨበና እጁን ኪሱ ከተተ። እትዬ በለጡ አልተነቃነቁም። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ወይ እየሰሙ ነው ወይ ተኝተዋል፣ ከጎን አይለይም። ሁሉም ባንድነት ዝም የሚሉበት ቦታ ደረሰ፣ አለፈ፣ አለቀ።

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«መጀመሪያው ቸኩሏል» አሉ እትዬ በለጡ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ማርሽ ነው» አሉ ባሻ ከበሩ።

«ማርሽም ቢሆን። መሬት ሳይረግጥ ነው የሚሄደው። ጥሩምባዎቹ ደግሞ ሦስት ጊዜ ያንኑ ይላሉ፤ አንዴ ገብቶናል። መካከሉ ደግሞ።» ዓይናቸውን ገለጡ። «ሥራዬ፣ መካከሉ ስንት ደቂቃ ነው?»

«አራት ከሃያ ሰከንድ።»

«ከአሥራ አንዱ አራቱ። ሲሶ ያልፋል። እዚያ ጋ ምን እየሆነ ነው፣ ወልዴ? ምንም አይሆንም።»

ባሻ ከበሩ ወጥተው መጡ።

«እየጠበቅኩ ነው።»

«ምን?»

«ቅዳሜን። ይኼን በጻፍኩበት ዓመት ድሬዳዋ ተዛውረሽ ታስተምሪ ነበር።»

እትዬ በለጡ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በየቅዳሜው እመጣ አልነበር? ያውም በመጀመሪያው አውቶቡስ።»

«ትመጪ ነበር።»

«እንግዲያው ይኼን ያህል አልረዘመም።»

«ለምትመጪው ለአንቺማ አልረዘመም።»

ናስር ጉሮሮውን ጠረገና ዳቦ ለማንሳት ተነሳ። ልደት ላፕቶፗን አየች። እትዬ በለጡ ባለቤታቸውን ረዥም ጊዜ አዩዋቸው፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያደረጉት ነገር ስለሆነ ሊሰለቻቸው ይገባ ነበር፣ አልሰለቻቸውም።

«መካከሉን መልስልኝ» አሉኝ።

መለስኩላቸው። ሁለተኛውን ጊዜ ባሻ አጠገባቸው ተቀምጠው ሰሙት። ሲያልቅ እትዬ በለጡ «ቢሆንም ይረዝማል» አሉ።

«አልነካውም።»

«አሥር መስመር ቀንስ።»

«አንድም።»

«ጥሩምባዎቹንስ?»

«ጥሩምባዎቹን አስብበታለሁ።»

«እንደ ጣሪያው?»

ድግሱ አለፈ፣ ሰው በላ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ባልና ሚስቱ ግን አልተስማሙም። ስለ አጥሩ ሦስት ቀን እንደተከራከሩ አስታወስኩና ስለ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙዚቃ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ልገምት ሞክሬ ተውኩት። ሽቦዬን ጠቅልዬ ስፒከሬን ተሸክሜ ስወጣ እትዬ በለጡ በሩ ድረስ ተከተሉኝ።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትከፍተው?»

«ሁለት ሰዓት እከፍታለሁ።»

«አብሬው እመጣለሁ። ብቻውን ከላክሁት ምንም አይቀንስም።»

«እርሳሱን የምይዘው እኔ ነኝ» አሉ ባሻ ከውስጥ። ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

«ያዘው» አሉ እትዬ በለጡ ወደ ኋላ ሳይዞሩ። «እኔ ላጲሱን እይዛለሁ።»